ስቆጥር የዘለልኩት ስም

ለወንድሜ ለመምህር ንጋቱ ሀብተ ሚካኤል፤

እንደምን ሰንብተሃል? ክረምቱ እንዴት ወጣልህ? የደብረ ብርሃን ብርድ ደረትህን አሁንም ይይዘዋል ወይስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ማሚቱ ወገቧን ተሻላት? እሌኒና ፋና ደህና ናቸው? ያቺ ቡሬ ላም ወለደች ወይስ ዘንድሮም አሳፈረቻችሁ? እኔ እንደ አሮጊት ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል፣ ሁለት ጥርሴ ወልቋል፣ ዓይኔ ግን ይኸው ይህን ሁሉ ይጽፋል፤ አምላክ ይመስገን። ጠዋት ስነሣ የማመሰግነው ስለ ዓይኔ ነው፤ ለሌላው ገና አልደረስኩም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ ታገሠኝ። አንተ በስድስት ዓመትህ ከቄሱ ዘንድ ተቀምጠህ ፊደል ስትቆጥር፣ እኔ ከእንግዳ ፊት ቆሜ ዘር እቆጥር ነበር፤ ለሴት ልጅ ይበቃታል ተብሎ። እኔ ፊደል የያዝኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በቀበሌ አዳራሽ ነው። የልጅ ልጄ የምትሆን አስተማሪ "እማማ፣ ገለበጡት እኮ" እያለች ነበር እጄን የምታቀናው። ይህን ስጽፍ እንድታዝንልኝ አይደለም። ባታዝንልኝም ግን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ በመስከረም አጋማሽ ነው። የእሌኒን መታጨት ሳነብ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ፤ የጎን ጎረቤቴ ግድግዳውን መታብኝ። ከዚያ ወደ ታች ማንበብ ቀጠልኩ። ሙሽራው ጸጋዬ አድማሱ እንደሚባልና የሸዋ ሮቢት ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ አድማሱ ተክሌ የተከበረ ሰው እንደሆነ፣ አያቱ ተክሌ በሕይወት ሳለ አጋሰስ ነጂ እንደነበረ ጻፍክልኝ። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት መሙላቱን ለማረጋገጥ ሲቀመጡ፣ አሮጊቷ አያቱ በለጡ "እኔ የሚቆጠር ዘር የለኝም" ብላ እንደዘጋቻቸው ጻፍክ። የአባታችን ስም ሲጠራ ግን ያቺ ዓይኗ የጠፋ ሴት ቀና ብላ "ቆጣሪዋ ልጅ አለች?" አለች አልክ። አለች፣ አሜሪካ ናት ብትሏት "እንግዲያው ቆጣሪዋ ትቁጠር፤ ያለዚያ ልጄን አልመርቅም" ብላ አሻፈረኝ አለች። አንተም "የእርጅና ነገር ነው፤ እንዴት እንዳወቀችሽ እንጃ፤ እባክሽ እንደ ድሮሽ ቁጠሪና ላኪልን፣ ለሽማግሌዎቹ ይነበባል፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው" ብለህ ጨረስክ።

ንጋቱ፣ ያን ወረቀት ከያዝኩ ወር አለፈኝ። ብዕር አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ለምን እንደዘገየሁ እንዲገባህ መጀመሪያ የምውልበትን ቤት ልንገርህ።

ልጄ ሠናይት አምጥታ እዚህ ከጣለችኝ በኋላ ባሏን ተከትላ ቴክሳስ መግባቷን ታውቃለህ። እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አጠገብ፣ ሰፊያ ከምትባል የወሎ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቤት እኖራለሁ። የምሠራው ዌስትውድ ነው፣ ሁለት ባስ ይዤ። ሚስ አቢጌል ኦርድዌይ የምትባል የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አነብላታለሁ። ያላገባች፣ ያልወለደች፣ እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነች ሴት ናት፤ አንገቷን ግን ለማንም አታጎነብስም። የሻረግ ማለት አስቸግሯት ሼሪ ትለኛለች። እኔ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳበላሽ ግን አምስት ጊዜ ታስደግመኛለች። "የኦርድዌይ ሴቶች ማይም ሲያስተምሩ ነው የሞቱት" ትላለች። አንድ ቀን "እመቤቴ፣ እኔን ስታስተምሪ እንዳትሞቺብኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝም" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፤ ወዲያው ግን አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

ቤቱ የሙታን ቤት ነው። በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ሰባት ቄሶች በሥዕል ተሰቅለዋል፣ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ። እነሱ ቄስ የሚሉት ጥምጣም የለው፣ መስቀል የለው፤ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ቆሞ ይሰብካል። የመጀመሪያው ጆሳያ በመርከብ መጥቶ ዛፍ ሥር ሰበከ። ልጁ ኢሊሁ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ስብከቱም ምእመኑን አስተኛ፤ ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ከዚያ ወረድ ብሎ ሳሙኤል አለ፣ የቤተሰቡ ትልቁ ስም። ባርነትን አወገዘ፤ ባሪያ ያመረተው ስኳር ቤቴ አይገባም ብሎ ልጆቹን ያለ ስኳር አሳደገ፤ ከጌቶቻቸው የጠፉ ሰዎችን በምድር ቤቱ ሲደብቅ መስኮቱን በድንጋይ ሰበሩበት። እህቱ መጠጥ ቤት ደጅ ተንበርክካ ስትዘምር ሰካራሞች ቢራ አፈሰሱባት፣ ልብሷን ሳትለውጥ መዝሙሩን ጨረሰች። የሳሙኤል ልጅ ናትናኤል የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተ። የናትናኤል ልጅ፣ የሚስ ኦርድዌይ አባት፣ እስር ቤት እየዞረ እስረኛ አስተማረ። ሁሉም ሰው ለማቅናት የተፈጠሩ ናቸው። በቤታቸው የሳቀ ሰው ግን በመጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

መጽሐፍ ያልኩህ የዘር መጽሐፋቸውን ነው። እኛ ከልጁ ተነሥተን ወደ ላይ እንወጣለን፤ እነሱ ከመርከብ ከወረደው ሰው ተነሥተው ወደ ታች ይወርዳሉ። ድሮ አጎቷ አሳትሞት ነበር፤ እሷ ደግሞ የጎደለውን ሞልታ እንደገና ልታሳትም ማተሚያ ቤት ተስማምታለች። ዓይኗ ስለደከመ፣ በቤተሰቡ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ መሐል በእጅ የተጻፈውን ልደትና ሞት እኔ አነባለሁ፣ እሷ ከታተመው ጋር ታመሳክራለች። በየቀኑ ጠዋት ከአራት ሰዓት እስከ ምሳ ይህ ነው ሥራችን። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሙታን ስም ዝርዝር ነው ማለት ትችላለህ።

የማነበው በጣቴ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጣቱን ካላስቀደመ መስመር ይጠፋበታል። አንድ ቀን ከናትናኤል ልጆች ስደርስ ጣቴ ሻካራ ነገር ነካ። አንድ መስመር በቢላ ተፍቋል፣ ወረቀቱ እዚያ ላይ ሳስቷል። ቆም አልኩ። "ቀጥዪ" አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳታይ። ቀጠልኩ። እሷ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ገጹን ወደ መስኮቱ ባነሣው ፀሐዩ ከኋላ መጥቶ የተፋቁትን ፊደሎች አሳየኝ። ሊዲያ ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ንጋቱ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ብትስቅብኝም አልፈርድብህም። ስሞቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ ሙታን ናቸው፣ ማንም አይመልስም። የተፋቀው መስመር ላይ ጣቴ ስትዘገይ ግን፣ በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ከጓዳው በኩል አንዲት ሴት "አቤት" ትላለች። በአማርኛ። እጇ ሥራ ላይ እንዳለ ሴት፣ ቀስ ብላ። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ሚስ ኦርድዌይ ቀና ብላ "ጓዳ ውስጥ ማን አለ?" አለችኝ። "ማንም የለም" አልኳት። "እንግዲያው በሩን ዝጊው" አለች። ዘጋሁት። በማግስቱ ከተዘጋው በር ኋላ መጣ።

ድምፁን አውቀው ነበር። ከየት እንደማውቀው ግን ራሴን ለመጠየቅ ፈራሁ።

መስከረም ሲገባ አንዲት ሴት መጣች። ኮራ ትባላለች፣ ጋርዴና የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ። ከዚያ በፊት ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ነበር፤ ሚስ ኦርድዌይ ሦስቱንም ሳትመልስ መሳቢያ ውስጥ አስከተተችኝ። አሁን ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ከሰባቱ ቄሶች ሥር ተቀመጠች። ቅድመ አያቷ ሊዲያ የናትናኤል ኦርድዌይ ልጅ እንደነበረች፣ የሊዲያ እናትም ሳሙኤል በምድር ቤቱ ከደበቃቸው ሰዎች አንዷ እንደነበረች ተናገረች። "ውርስ አልፈልግም" አለች። "መጽሐፉ እንደገና እንደሚታተም ሰማሁ። ስሟ እንዲገባ ብቻ ነው።" ሚስ ኦርድዌይ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ "በቤተሰቤ መዝገብ እንዲህ ያለ ስም የለም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሼሪ፣ መጽሐፉን በየቀኑ የምታነቢው አንቺ ነሽ። ሊዲያ የሚል ስም አንብበሽልኝ ታውቂያለሽ?"

አንብቤላት አላውቅም። ስለዚህ "አላውቅም" አልኩ።

ኮራ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ቆዳዬን፣ እጄን፣ ሽርጤን። "አንቺም?" ብላ ተነሣች። በሩን ራሴ ከፈትኩላት።

ይህ በሆነ በአሥረኛው ቀን ነው ያንተ ደብዳቤ የመጣው። በለጡ የሚለውን፣ ተክሌ አጋሰስ ነጂው የሚለውን፣ ቆጣሪዋ የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አቤት ባይዋ ማን እንደሆነች ያን ጊዜ ለራሴ አመንኩ።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። አንተ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበርክ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መርሐ ቤቴ ነን። በለጡ በቤታችን የተገዛች ባሪያ ነበረች። ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። እኛ "የቤት ልጅ" ነበር የምንላት፣ እንዲህ ስንል ደግ የሆንን እየመሰለን። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስጠራት ከየትም ሆና "አቤት" ትለኝ ነበር። ልጅም ወለደች፣ አድማሱን፤ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የአባታችን ግንባር፣ የአባታችን አረማመድ ነበረው። አብረን ነበር የምንበላው፣ እኔ እየጎረስኩ እሱን እያጎረስኩ።

በአስተርእዮ ዕለት እንግዶች መጡ። አባታችን እንደ ልማዱ አቁሞ "ቁጠሪ" አለኝ። ሰባቱን ቤት ሳልደናቀፍ ወጣሁ፣ ሁሉም አጨበጨበልኝ። አንድ ጠጁ ሞቅ ያደረገው እንግዳ "መውጣቱንስ ቻልሽበት፤ እስቲ ደግሞ ወደ ታች ውረጂልን፣ የባላምባራስን ልጆች ቁጠሪ" አለ። እኔም በዕድሜ ቅደም ተከተል "የሻረግ፣ አድማሱ፣ ንጋቱ" አልኩ። ሰውየው በሳቅ ፈነዳ። "ባላምባራስ፣ የደበቁትን ጎተራ ልጅዎ ከፈተችው!" አለ። አባታችን አልሳቀም። እናታችን የያዘችውን ብርሌ መሬት አስቀመጠች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አልነበረኝም።

በማግስቱ አጋሰስ ነጂያችን ተክሌ በቅሎ ጫነ። አባታችን በለጡን ከነልጇ ለእሱ ሰጥቶ፣ ልጁ በተክሌ ስም እንዲጠራ አዝዞ ወደ ቆላ ሰደዳቸው። አድማሱ በቅሎ ላይ መቀመጡ ደስ ብሎት እጁን ያውለበልብልኝ ነበር። በለጡ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። አልረገመችኝም፣ አላለቀሰችም። "ደህና ሁኚ፣ ቆጣሪዋ" አለችኝ። በዚያ ስም የጠራኝ ሰው ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም የለም። እናታችን ጆሮዬን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝና "አባትሽ ያልቆጠረው አልተወለደም። ገባሽ?" አለችኝ። ገባኝ። ከዚያ ወዲያ በሠርግም በለቅሶም ስቆጥር ዘለልኩት። አንተን ስታድግ ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፣ ለአንተም ዘልዬ ነው ያስተማርኩህ።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ሚስ ኦርድዌይ ሄጄ ማንበቤን ቀጠልኩ። በጥቅምት የመጀመሪያው ሳምንት፣ ከናትናኤል ልጆች ስንደርስ፣ ጣቴን በተፋቀው ቦታ ላይ አቆምኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ "ሊዲያ" ብዬ አነበብኩ። ሚስ ኦርድዌይ እርሳሷን አስቀመጠች። ታባርረኛለች ብዬ ኮቴ የት እንደተሰቀለ አየሁ። እሷ ግን የእኔን ጣት ነበር የምታየው። "ሰባት ዓመቴ ነበር" አለች። "አባቴ በዚህ ገጽ ላይ ነው ማንበብ ያስተማረኝ። እዚህ ጋ ስንደርስ ጣቴን ይዞ አነሣና ከመስመሩ ወዲያ አሳረፈው። እኔም ከዚያ በኋላ በራሴ አነሣሁት።" የጻፈው ሳሙኤል እንደሆነ፣ ሳሙኤል ሲሞት የፋቀው ናትናኤል ራሱ፣ የልጅቷ አባት እንደሆነ ነገረችኝ። ሊዲያ የእሷ አክስት ናት ማለት ነው። "እንግዲያው አስገቢያታ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። "ማተሚያ ቤቱ ተረክቧል። እኔ ስሞት የፈለግሽውን አድርጊ" አለችና ሾርባዋን ጠየቀችኝ። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትጠብቀው አንድም ሰው የለም፤ ያም ሆኖ ለሰባት ሥዕል ትፈራለች።

ያን ቀን ከጓዳው ድምፅ አልመጣም። አረፍኩ ብዬ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ባሱ ውስጥ፣ ፀሐይ ቦግ ባለበት፣ ባዶ ከነበረው ከኋላዬ ወንበር "አቤት" አለችኝ። ለሊዲያ አልነበረም ስትመልስ የኖረችው። እኔ እስክጠራት ስትጠብቅ ነው።

እሑድ ዕለት የኮራን አድራሻ ከደብዳቤዎቿ ላይ ቀድቼ ሰፊያን ጋርዴና ውሰጂኝ አልኳት። ሰፊያ መኪና ስትነዳ አፏም አብሮ ይነዳል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። "እትዬ የሻረግ፣ በእኛ ሃይማኖት እኮ የአጎት ልጅ ይፈቀዳል፤ ሶ ልጆቹን አስልሚያቸውና ይጋቡ" ብላ አሳቀችኝ። ቆይታ ደግሞ "ወሎ ግን እኛም ሰባት እንቆጥራለን። እናቴ ብትሰማ ሠርጉን ትታ ለቅሶ ትቀመጥ ነበር" አለች። መኪናውን ፓርክ አድርጋ "ኦኬ፣ ውረጂ፤ ከጮኸችብሽ ክላክስ አደርጋለሁ" አለችኝ።

ኮራ አልጮኸችብኝም። በረንዳዋ ላይ አቁማ ሰማችኝ። ስሙ እንዳለ፣ እንደተፋቀ፣ እኔም እያወቅሁ እንደካድኩ ነገርኳት። "እኔ ፊደሉን አልነበረም የፈለግሁት" አለች። "እናቴ ሞታለች፣ አያቴም ሞታለች፤ ሁለቱም አንድ ኦርድዌይ በገዛ አፉ ሊዲያ ሲል ለመስማት እንደጠበቁ ነው የሞቱት። አንቺ ኦርድዌይ አይደለሽም።" ከዚያ ከጓሮዋ ሎሚ ለቅማ በከረጢት ሰጠችኝ። ይቅር ማለቷ ይሁን ወይ በቃ ሂጂልኝ ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ንጋቱ፣ እሷ ለሞቱባት ነው የምታዝነው። በለጡ ግን አለች። ዓይኗ ጠፍቶ፣ ሸዋ ሮቢት ተቀምጣ፣ ከእኛ ቤት ሰው አፍ አንድ ቃል ትጠብቃለች። ራሷ ተናግራ ሠርጉን ማስቆም ትችል ነበር። አልተናገረችም፤ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ የዘለልኩትም እኔ ነኝና ለእኔ ተወችልኝ።

እንግዲህ ቁጠሪ ብለኸኛል። ወደ ላይ ሰባት ቤት መውጣት አላስፈለገኝም፣ ሁለተኛው ላይ ተገናኙ። የባላምባራስ ሀብተ ሚካኤል ልጆች የሻረግ፣ አድማሱ፣ ንጋቱ ናቸው። የንጋቱ ልጅ እሌኒ፣ የአድማሱ ልጅ ጸጋዬ። ልጆቻችሁ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ አይጋቡም።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ይህን ደብዳቤ ለሽማግሌዎች አታስነብብ። ባሪያ የሚለውን ቃል አደባባይ ካወጣኸው ልጁን ሙሽሪት መንጠቅ ሳያንስህ ስሙንም ትገድለዋለህ፤ በለጡም ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ አፍ ትዋረዳለች። ለሽማግሌዎቹ ቤት አልሞላም፣ ዘመድ ሆነው ተገኙ፣ ይህ ብቻ ይበቃቸዋል። አንተ ግን በመጀመሪያው ባስ ተነሥተህ፣ ማሚቱን ይዘህ ሸዋ ሮቢት ውረድ። ሰው አትላክ፣ ወረቀት አትላክ። የበለጡን ጉልበት ሳምና አድማሱ የአባቴ ልጅ ነው፣ ወንድሜ ነው በል፤ በአፍህ፣ እሱ እየሰማ። ከኮራ የተማርኩት ይህን ነው። የአባታችንን መሬት መንግሥት ወስዶታል፣ ቤቱም ፈርሷል፤ ለአድማሱ የምናካፍለው ስሙን ብቻ ነው፣ እሱን አትንፈገው።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ። የሻረግ ከነምሬቷ ባሕር ተሻግራም ሠርግ አፈረሰች እንደሚባልም አውቃለሁ። አሁንም መራራ ነኝ፤ አንተን በበቅሎ ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኙህ እኔ ገለባ አዝዬ ያየሁትን አልረሳሁም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። መልሱን ዘልዬ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ማን ያውቃል፣ አሮጊቷም ትሞታለች አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ የአባታችንን ስም ጽፌ ወደ ልጆቹ ስወርድ እጄ ከወረቀቱ ላይ ተነሣ፣ ሌላ ሰው ይዞ ያነሣው ይመስል። ያኔ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ደብዳቤውን በፖስታ አላምነውም፤ የፊታችን ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው በእጁ ያደርስልሃል።

ለማሚቱ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ወገቧን በሙቅ ጨው ታሽገው፣ ለሠርጉ የጠነሰሰችው ካለም አትድፋው፣ ለሸዋ ሮቢት መንገድ ይሆናል። የፋናን ጉንጮች ሳምልኝ። ለእሌኒ ሰላም በልልኝ፤ ሰላምታዬን ባትቀበልህ አትቆጣት፣ ወረቀቱን ብትቀደውም አትቆጣት፣ የአክስቷ አድራሻ ግን ይኑራት፣ የምትሰድበኝ ስድብ ሲሞላ ትጻፍልኝ። ለጸጋዬ፣ ላላየሁት የወንድሜ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ በልልኝ። ለበለጡ ስትደርስ ስሟን ጥራና ቆጣሪዋ እንዲህ ጠርታሻለች በላት፤ መልስ ብትሰጥ በሚቀጥለው ደብዳቤህ ቃሏን ሳትቀንስ ጻፍልኝ።

ለአድማሱ ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ አላውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሰላምታ ልኬለት አላውቅም። ታላቅ እህትህ እንደምን ከረምክ ብላለች በለው።

እህትህ የሻረግ ሀብተ ሚካኤል

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ
ጥቅምት 23 ቀን 1979 ዓ.ም.